ፈረስ ናት ወይስ ከብት?

ቅናት በደጁ አልፎ የማያውቅ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ይተወው፤ የምነግረው ነገር አይገባውም። እኔ ቀናተኛ ነኝ። ብዙ ሰው ስለ ቅናቱ ሲያወራ «ያኔ ልጅነት ነበር» ብሎ ይጀምራል። እኔ ይህ ሲደርስብኝ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ፤ በልጅነት የማመካኝበት መንገድ የለኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አገሩ ነገሌ ቦረና። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ስለሆነ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል እናገራለሁ። ባለቤቴ ታደሰ የከብት ክትባት መሥሪያ ቤት ወርኃዊ ደመወዝተኛ ነበር። እኔ ደግሞ ቅቤ እነግዳለሁ። ከቆላው እየሰበሰብኩ ክብረ መንግሥት ወስጄ ለወርቅ ቆፋሪዎቹ አስረክባለሁ። ይህን ሁሉ የምንሠራው ጣሊያን ጥሎት በሄደ፣ «ዳልቻ» ብለን ስም ባወጣንለት አሮጌ መኪና ነበር። ቅዳሜ ታደሰ ከሥራ ሲወጣ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ ልጆቹ ከኋላ ከቅቤው ቆርቆሮ ጋር ይታጨቃሉ።

አንድ ቀን ዳልቻ ሞተሯ ተሰነጠቀ። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየና ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለን። እየቀለደ መስሎን ነበር፤ አልቀለደም።

እንግዲህ ሌላ መኪና መግዛት ግድ ሆነ። በእጃችን ያለው የዕቁብ ገንዘብ ለቀብድ እንጂ ለሌላ አይበቃም። የቀረውን በየወሩ መክፈል ነው። ታደሰ ወጪያችንን ደጋግሞ አሰላና «ወርኃዊው ክፍያ ከደመወዜ ሲሶውን ካለፈ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፤ ይህን ደግሞ አንዴ ከተሳሳትን የምናርምበት ገንዘብ የለንም» አለኝ። እኔም ገባኝ። ነጋዴ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመረዳት ሁለት ጊዜ አይነገረኝም።

ችግሩ እህቴ ዘነበች ናት።

ዘነበች ታናሼ ናት፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት። በመልክም በዕድልም ቀደመችኝና አንድ ሀብታም የጨርቅ ነጋዴ አገባች። ሱቃቸው ገበያው መሐል፣ ቤታቸው ደግሞ ከኛ ቤት ማዶ ነው። ባሏ ነጭ፣ ዝቅ ያለች፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ የሆነች መኪና ገዛላት። እሱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ግን ዘነበች መንዳት ተማረች። ሾፌራቸው አብዲ አስተማራትና በነገሌ አውራ ጎዳና ላይ መነጽሯን አድርጋ፣ ሻሽዋን አስራ መሪውን ይዛ ስታልፍ የወታደር ሚስት ከግቢዋ፣ ቸርቻሪው ከሱቁ እየወጣ ያያታል። እኔም ከቤቴ በመስኮት አያታለሁ። በየቀኑ።

ዳልቻ በሞተች ሰሞን ዘነበች ቤታችን መጣች። ባሏ ሌላ አዲስ መኪና አዞላት ኖሮ ነጯን ልትሸጥ ነው።

«እትዬ፣ ከሰው ከምሸጣት ላንቺ ትሁን። ቀስ ብላችሁ በየወሩ ትከፍላላችሁ» አለችኝ።

ወርኃዊ ክፍያው ግን ከታደሰ ደመወዝ እኩሌታውን አለፍ የሚል ነበር። ታደሰ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ሌላ ወሬ ሰምቷል፤ ሜጋ ከተማ ሐጂ ኑር የሚባሉ ነጋዴ ቀደም ሲል የካርታ ቀያሾች የነበረች ባለ ሸራ ጂፕ ይሸጣሉ፣ ክፍያዋም የነጯን ግማሽ አይሞላም።

«ጂፕ!» አልኩት። «ዕቃ ላይ ተቀምጬ ልዞር ነው እንግዲህ።»

«ቅቤሽንስ የት ልትጭኚ ነው? ቀይ ቆዳው ላይ?»

ያም ሆኖ ልቤ ነጯ ጋ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መኪና አልነበረም የፈለግሁት። በዚያ መንገድ ላይ እኔ ሳልፍ እሷ በመስኮት እንድታየኝ ነበር የፈለግሁት። አዲሷ መኪናዋ ከመጣች ደግሞ ያም እንደማይሆን አውቀው ነበር፤ አሮጌ ልብሷን እንደመልበስ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የፈለግኋት።

ዘነበች ነገሩን ሰምታ ሳቀች። «ታዲያ ምን ያጣላችኋል? በኔዋ ሜጋ እንሂድና ጂፒቱን እዩ። ነጯንም መንገድ ላይ ትሞክሯታላችሁ። እኔም አየር እቀይራለሁ።»

ታደሰ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ ልጆቹን ለአማቴ ትተን አርብ ማለዳ ተነሣን። ዘነበችና አብዲ ከፊት፣ እኔና ታደሰ ከኋላ። ዘነበች የምትነዳው ግን መንገዱ ሜዳ ሲሆንና ሰው የሚያያት ቦታ ስንደርስ ነው። ድንጋይና አሸዋ ሲመጣ «አብዲ፣ ደከመኝ» ትልና ቦታ ይቀያየራሉ። መንደር ሲታይ ድካሟ ይለቃታል።

ዘነበች ስትነዳ እኔ ከአብዲ ጀርባ ስለምሆን ዓይኔ ከእግሯ ላይ አልተነሣም። ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ፣ እጇ ማርሹን ወደራሷ ስትስብና ወደፊት ስትገፋ፣ ቀኝ እግሯ ቀስ ብሎ ቤንዚኑን ሲሰጥ አያለሁ። ስትሳሳት መኪናዋ ትንፈራገጣለች፤ ያኔ ደስ ይለኛል። አብዲም «እሜቴ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ነው የሚለቁት» ይላታል። እኔ ምን አገባኝ? ግን እግሬ ከወንበሩ ሥር አብሮ ይረግጥ ነበር።

«ምን ሆነሻል? እግርሽ ያማል?» አለኝ ታደሰ።

«ደንዝዞብኝ ነው» አልኩት።

ዱብሉቅ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ነጯ መኪና ከኮፈኗ ሥር ትፋጅ ጀመር። ቆመን አብዲ ኮፈኑን ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን ሊገርፈው ምንም አልቀረው። የያዝነው ውሃ ለሰው እንጂ ለራዲያተር የሚበቃ አይደለም። ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ የቦረናዎቹ ጉድጓዶች ነበሩና ታደሰና እኔ ወደዚያ ሄድን።

የዱብሉቅን ጉድጓዶች ያላየ ሰው ሊገምተው ይቸግረዋል። መሬቱ በሰው እጅ ጠልቆ የተቆፈረ ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው ውሃውን በቆዳ መቅጃ እየተቀባበሉ ይወረውሩታል፤ እየዘፈኑ ነው የሚሠሩት። ከላይ በጭቃ የተሠራ ረጅም ገንዳ አለ። ከገንዳው ማዶ ደግሞ ከብቱ በመንጋ በመንጋው ተራውን ይጠብቃል። ተራውን የሚቆጥር አንድ ሰው አለ፤ «አባ ሄሬጋ» ይሉታል። የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። አገረ ገዥ ቢመጣ እንኳ እሱ ካላለ ጠብታ አይቀዳም።

ያን ቀን የነበሩት አባ ጃርሶ የሚባሉ፣ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ታደሰን በክትባቱ ያውቁታል።

«አካም፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ አባ ጃርሶ። ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ?»

ሰላምታው እስኪያልቅ ተጠባብቀን ጉዳያችንን ነገርናቸው። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው እስከ መኪናዋ ድረስ መጡ። ዙሪያዋን ዞሩ። ኮፈኗን በመዳፋቸው ነካ አደረጉና ፈጥነው እጃቸውን አነሡ።

«ኩን ፈርዳ ሞ ሎን?» አሉ። ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ከብት ማለታቸው ነው።

ዘነበች ከት ብላ ሳቀች። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ታደሰ በጆሮዬ አስረዳኝ። በጉድጓዱ ሕግ ፈረስ ተራ አይጠብቅም፤ ጋላቢው ለጉዳይ የሚገሰግስ እንግዳ ስለሆነ እንደደረሰ ይጠጣል። ከብት ግን በተራው ነው። እንግዲህ መኪናዋ ከሁለቱ አንዱን መሆን አለባት።

«ምን ትሸከማለች?» ሲሉ ጠየቁ ሽማግሌው።

«ሰው ብቻ» አለ አብዲ።

«ወተት? ቅቤ? እህል?»

ዘነበችም ኦሮምኛ ታውቃለችና «ኧረ ምን በወጣት! ወንበሯን ላበላሽባት?» አለች።

«እንግዲያው ፈረስ ናት» አሉ አባ ጃርሶ። ወዲያው አንድ ወጣት ውሃ አመጣልን። ያ ሁሉ ከብት በውሃ ጥም እያየን ነጯ ጠጥታ ጠገበች።

ከዚያ እስከ ሜጋ የሰማሁት አንድ ወሬ ብቻ ነው። «ፈረስ ናት ተባለላት! ሰማሽ እትዬ? ቦረና እንኳ ያውቃታል!» እኔም «ሰማሁ» እላለሁ። በሆዴ ግን ቆርጬ ነበር፤ ነጯን እገዛለሁ። ልጆቹ ቂጣ ይብሉ። ፈረስ የተባለችው መኪና የኔ ትሆናለች።

ሐጂ ኑር ቤታቸው አሳደሩን፤ በማግሥቱ ማለዳ ጂፒቷን አወጡልን። አመድማ ቀለም አላት፤ ሸራዋ ሁለት ቦታ ተጥፏል፤ የኋላ መዝጊያዋ በገመድ ነው የሚታሰረው፤ ውስጧ ፍየል ፍየል ይሸታል። ታደሰ ኮቱን አውልቆ ሥሯ ገባ። ባሌስትራዋን በድንጋይ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ።

«ሐጂ፣ ዘይት ትበላለች?»

«ትቀምሳለች፤ አልዋሽህም» አሉ ሐጂ ኑር። «ውሃ ግን ትወዳለች። ዱብሉቅ ሳታጠጣት እንዳታልፍ። ወስደህ ነገሌ ላይ ሞክራት፤ ሚስትህ ካልወደደቻት ወደዚህ በሚመጣ ሾፌር ላክልኝ። ሰው አውቃለሁ።»

ዘነበች በጣቷ ጫፍ ሸራውን ነካ አድርጋ ጣቷን ጠረገችና «ለእትዬ እንኳ ይቺ ትበቃታለች» አለች።

ትበቃታለች! እኔ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ የሚበቃኝን ልትነግረኝ! ሐጂ ኑር ፊት መልስ መስጠት ግን ነውር ነው። ታደሰ ፊቴን አይቶ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ሙሉዬ፣ እኔ አላስገድድሽም። ክፍያው ላይ ያንቺም ቅቤ አለበት፤ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ነገሌ እስክንገባ አስቢበት። አሁን ግን ገበያ ገብተሽ አራት ቆርቆሮ ቅቤ ግዢና እንጫንባት፤ ጭነት ስትይዝ ጠባይዋን እንይ።»

ቅቤውን ገዛሁ። ጂፒቷ ላይ ጫንነው። እኔ ግን ጂፒቷ ውስጥ አልገባሁም፤ ነጯ ውስጥ ተመልሼ ገባሁ። ታደሰ ብቻውን ከኋላችን እየነዳ ተከተለ። እኔም እንደገና ዓይኔን እግሯ ላይ ጣልኩ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ቤንዚን። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን እንዴት እያስነካች እንደምትለቅ። እንዲህ አፍጥጬ ተምሬ የማውቀው ነገር የለም።

ዱብሉቅ ደረስን። ነጯ እንደገና ፈልታ ነበርና እንደ ትናንቱ ሳትጠብቅ ጠጣች። ከዚያ ጂፒቷ ደረሰች። አባ ጃርሶ ዙሪያዋን ዞሩ። የኋላ ሸራዋን ገለጥ አድርገው ቆርቆሮዎቹን አዩ፤ አሸተቱ።

«ቅቤ» አሉ።

«አዎን፣ አባ ጃርሶ» አለ ታደሰ።

«ይቺስ? ፈርዳ ሞ ሎን?»

ታደሰ ወደኔ ዞረ።

«ባለቤቷ እሷ ናት። እሷን ይጠይቋት።»

ሽማግሌው፣ ወጣቶቹ፣ አህያ የሚነዱት ሴቶች ሁሉ ወደኔ አዩ። መልሴ የሚያስከትለው ግልጽ ነበር። ፈረስ ካልኩ አሁኑኑ ውሃ አግኝተን ከነጯ ጋር አብረን እንሄዳለን፤ ነገሌ ስንገባም ዘነበችን «መኪናሽን ገዝቻታለሁ» እላታለሁ። ከብት ካልኩ ግን እዚያው ፀሐይ ላይ እስከ ማታ ተራ ልንጠብቅ ነው፤ ቅቤው ይቀልጣል፤ ከዚያም በላይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ባለቤቷ ነኝ» ብዬ የተናገርኩባትን ጂፕ መመለስ ከባድ ነው። ቦረና ፊት የተሰጠ ቃል እንዲህ በቀላሉ አይታጠፍም።

አፌ ፈረስ ሊል ተከፍቶ ነበር። ዘነበች ከነጯ መስኮት አንገቷን አወጣችና ቀደመችኝ።

«በያ እትዬ፣ ፈረስ ናት በያቸውና እንሂድ! ባትመስልም!» ብላ ሳቀች።

«ከብት ናት!» አልኩ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አስቤ፣ ሒሳብ ሠርቼ፣ ለልጆቼ አዝኜ ነበር ብል እዋሻለሁ። ያ ሳቅ ነው ከአፌ ያወጣው። «ከብት ናት! ቅቤ ትሸከማለች፣ ልጆች ትሸከማለች፣ በሽተኛ ትሸከማለች። የቤቴ ከብት ናት!»

አባ ጃርሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ተራዋን ትጠብቅ» አሉና ሄዱ።

ዘነበች «እሺ፣ እንግዲህ ነገሌ እንገናኝ» አለችና አብዲን ይዛ ሄደች። ነጯ መኪና አቧራዋን አስነሥታ ከዓይኔ እስክትጠፋ ቆሜ አየኋት። ያኔ ነው የጸጸተኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። ታደሰ ቅቤውን ጥላ ሥር አስገባልኝ።

ብዙም ሳይቆይ አባ ጃርሶ ተመለሱ። «ከብት ያለው ሰው ጉድጓዱን ይሠራል» አሉን። ለካ ነገሩ መጠበቅ ብቻ አልነበረም። ከሚቀባበሉት ወጣቶች አንዱ ታሞ ቦታው ጎድሏል፤ ገንዳውም ተሰንጥቆ ውሃ ያፈስሳል፤ ለምርጊቱ የሚሆን ጭቃ ከጉብታው ማዶ በአህያ እየመጣ ነው። ታደሰ ሸሚዙን አውልቆ ጉድጓድ ወረደ። ወዲያው ዘፈኑ ተነሣ፤ የሱም ድምፅ ገባበት።

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «ጭቃው በከብትሽ ይምጣ። ማን ይነዳታል?»

የሚነዳት ሰው ከምድር በታች በደረጃ ላይ ቆሞ ውሃ እየወረወረ ነው። ቢወጣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አህያዎቹን አየሁ፤ ጆንያ ጭቃ ተሸክመው የሚያዘግሙትን ሴቶች አየሁ። ነጯ መኪና የሄደችበትን መንገድም አየሁ።

«እኔ እነዳታለሁ» አልኩ።

ጂፒቷ ውስጥ ገብቼ መሪውን ያዝኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሯ ተነሣ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ማርሹን ወደራሴ ስቤ ወደፊት ገፋሁ፤ ተንቋቋ፤ ገባ። እግሬን ለቀቅሁ። ጂፒቷ እንደ እንቁራሪት ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እንደገና አስነሣሁ፤ እንደገና ዘልላ ጠፋች። ያኔ የአብዲ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «እሜቴ፣ ቀስ ብለው ነው የሚለቁት።» ለእሷ የተነገረውን እኔ ወሰድኩት። ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።

ሄደች።

ሄደች እንጂ ወዴት እንደምትሄድ እሷም እኔም አናውቅም ነበር። አፍንጫዋን ወደ ከብቱ መንጋ አዞረች። «ዘወር በሉ! ዘወር በሉ!» እያልኩ በሁለት ቋንቋ እጮሃለሁ፤ ላሞቹ ጅራታቸውን ሰቅለው ይሮጣሉ፤ እረኞቹ ይራገማሉ። መሪውን ባለ በሌለ ኃይሌ ጠመዘዝኩት። አንዲት ጥጃ በአፍንጫዋ ፊት አልፋ ተረፈች። ከዚያ ጉብታውን ያዝኩ። ከጉብታው ማዶ ፍሬኑን ስረግጥ ጂፒቷ ቆመች፤ ልቤ ግን እየሮጠ ቀጠለ።

ሴቶቹ መጀመሪያ ለመጠጋት ፈሩ። በኋላ ጭቃውን መጫን ጀመሩ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ እነሱም ከጭቃው ጋር ተጫኑ። ሦስተኛው ላይ ይዘፍኑልኝ ነበር። በኦሮምኛ «ሴቲቱ ከብቷን ነዳች» የሚል ግጥም እዚያው አወጡ። ጭነቱ ከባድ ነበር፤ ጂፒቷ ግን አንድም ጊዜ አልፈላችም፣ አንድም ጊዜ አልተያዘችም። ነጯ በዚያ ጉብታ ሆዷን ገርፎት እዚያው በቀረች ነበር። የጂፒቷን ጉልበት ያየሁት በራሴ ዓይን ነው፤ ማንም አልነገረኝም።

ታደሰ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጭቃና ውሃ ሆኖ ሲመጣ እኔ መሪው ላይ ነበርኩ።

«ማርሹን ማን አስተማረሽ?»

«ዘነበች።»

«መቼ?»

«ትናንትና ዛሬ። እሷ ግን አታውቅም።»

መጀመሪያ አፉን ይዞ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተራችን ደረሰ። አባ ጃርሶ ራሳቸው ቆመው አስቀዱላት። ከጠጣች በኋላ በትራቸውን በኮፈኗ ላይ አሳረፉና ለሰዎቻቸው ተናገሩ። «የሙሉ ከብት ከጉዮ ከብት ቀጥሎ፣ ከቦሩ ከብት በፊት። ተራዋ ይህ ነው» አሉ። እኔ ለዛሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ሁልጊዜ ነው» አሉኝ። «ትናንት የመጣችው ፈረስ ናት። ስትመጣ እናጠጣታለን፤ ስትሄድ አናውቃትም። ይቺ ግን ለጉድጓዱ ሠርታለች። ተራ አላት።»

ሌሊቱን ዱብሉቅ አድረን ጠዋት ተነሣን። ታደሰ ሜዳውን ሁሉ ለኔ ተወልኝ። ነገሌ መግቢያ ላይ «ልቀበልሽ?» አለኝ። «በጭራሽ! እዚህ ነው የምነዳው» አልኩት። በጦር ሠፈሩ በር አለፍኩ፤ በገበያው አለፍኩ። ጭቃ በጭቃ ነበርኩ፤ መነጽርም ሻሽም አልነበረኝም። ዘነበች ሱቃቸው በር ላይ ቆማ ነበር። እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት። ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋሁላት።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ሳምንት ለሐጂ ኑር ቀብዱን ላክንላቸው። የታደሰን ቅዳሜ መጠበቅ ቀረ፤ በሥራ ቀን እኔ ራሴ ቆላ እወርዳለሁ፤ ተራዬ በሚደርስበት ቀን የዱብሉቅ ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ጉድጓዱ ዳር ይጠብቁኛል። የጂፒቷን ወርኃዊ ክፍያ ጂፒቷ ራሷ ከፈለችው፤ የታደሰ ደመወዝ አልተነካም። ልጆቼ በዚያች ፍየል ፍየል በምትሸት መኪና ኋላ አደጉ። ሰው ቅናት መጥፎ ነው ሲለኝ አልከራከርም። እኔን ግን ያስተማረኝም፣ ያስመረጠኝም እሱ ነው። ደግ ሴት ብሆን ኖሮ የዘነበችን እግር ማን ያይልኝ ነበር? እስከ ዛሬም የነጯን ዕዳ በከፈልኩ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ድርቅ ሆነ፤ ውሃው ጎደለ፤ አባ ጃርሶ ለፈረስም ለእንግዳም «ተራ ያላቸው ይቅደሙ» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ተራዬን ይዤ ዱብሉቅ ስደርስ ዘነበች አዲሷ መኪናዋ ፈልታባት መንገድ ዳር ቁጭ ብላለች። ፊቷ አቧራ ለብሷል።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ለኔም መኪና ተራ አስይዢልኝ።»

«ፈረስ ተራ የላትም» አልኳት።

ይህን ለማለት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ እግዜር ያውቃል። ከዚያ ከኔ ድርሻ አስቀድቼ መኪናዋን አጠጣሁላት፤ እህቴ አይደለች እንዴ? አመሰገነችኝ፤ መሪዋን ያዘች፤ ሄደች። እኔ ቆሜ አየኋት። አዲሷ መኪና ሰማያዊ ናት፤ ያ ሁሉ አቧራ እንኳ ውበቷን አልሸፈነውም። የዱብሉቅ ሴቶች ቅቤያቸውን ዘርግተው እየጠሩኝ፣ እኔ ከመንገዱ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ምን ላድርግ፣ ቀናሁ።